ጥላ ጥላውን

ጌም መጫወት አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሠፈሬ ሰው ሁሉ «የጌም ሱሰኛው» እያለ ስለሚጠራኝ ነው። ስሸነፍ እናደዳለሁ፣ ጠረጴዛ እደበድባለሁ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ፊቴ ተቋጥሮ ይውላል። እኔ የምወደው ጨዋታው የሚካሄድበትን ቦታ ነው። ይህን ግድግዳ እዚህ ማን አቆመው? በሩ ለምን በግራ በኩል ሆነ? ይህች በርሜል የተቀመጠችው እንድሸሸግባት ነው ወይስ እንድደናቀፍባት? ጓደኞቼ ተኩሰው ተኩሰው ሲጨርሱ እኔ ገና የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ጣሪያውን ሳይ እገኝ ነበር።

የምሠራው መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ሐጅ» ይላቸዋል። በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው። በሱቃቸው ስልክ ይጠገናል፣ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ይጫናል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሶላራቸው የሰው ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ጥገናውና ጭነቱ የእኔ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ከማዶ የመጣ ሰው የሸጠልን አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ አንድ ጌም አገኘሁ። ከምርጫዎቹ ሁሉ ግርጌ ማንም ነክቶት የማያውቅ ቃል ነበረ፤ «ኤዲተር» ይላል። ስነካው ባዶ፣ ግራጫ፣ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ተከፈተ። ሰው የለበትም፣ ጠላት የለበትም፣ ግድግዳ እንኳ የለበትም። ሁሉንም የማቆመው እኔው ነኝ። ልቤ እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም። እንዲህ ያለው የጨዋታ ቦታ ሌቭል እንደሚባል ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ሌቭል የሚነድፍ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው መሆኑን ግን ያወቅሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት አንድ ግድግዳ ነው። ቀጥዬ የሐጅን ሱቅ ሠራሁ። በሩን ስላጠበብኩት የጨዋታው ሰውዬ መግባት አቅቶት ደጅ ቆሞ ግድግዳ ሲገፋ ዋለ። ሐጅ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ያ ወለድ፣ ደንበኛ የማያስገባ ሱቅ ሠርተህ ልታከስረኝ ነው?» አሉኝ፤ «ያ ወለድ» በዐረብኛ «አንተ ልጅ» ማለታቸው ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላው ነበር። እሳቸውን ግን አልችላቸውም፤ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት።

መተማ ላይ ሙቀቱ ሰውን ብቻ አይደለም የሚያደክመው። ላፕቶፑም ቀትር ሲሆን በገዛ እጁ ድርግም ይላል። ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጬው ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጥፍለት ነበር። ትምህርቱን ያገኘሁት ከቪዲዮ ነው፤ እንግሊዝኛውንም አብሬ። ዳታ ሲኖር አወርዳለሁ፣ ሳይኖር ያወረድኩትን ደጋግሜ አያለሁ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ መሀል ላይ ተቆርጦብኝ እስከ ዛሬ መጨረሻውን አልሰማሁትም። ሁሉም ግን ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ተጫዋቹን በጽሑፍ አትምራው፣ ቦታው ራሱ ይምራው፤ መንገዱ ከአካባቢው ተለይቶ ይታየው። ይህ በደንብ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

የሠራኋቸውን ቦታዎች በቪዲዮ እየቀረጽኩ ውጭ አገር ላሉ ጌም ሠሪዎች መላክ ጀመርኩ። አብዛኞቹ አልመለሱልኝም። የመለሱትም አመስግነው ዘጉኝ። እንዲህ ያለው ምስጋና ከስድብ የባሰ ያናድደኛል፤ የሰደበህ ሰው ቢያንስ አይቶሃል። ከዚያ አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። የአንድ ትንሽ ድርጅት የሌቭል ነዳፊዎች ኃላፊ ናት። አንድ ሳምንት ሰጠችኝ። ተጫዋቹ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ሥራልን፣ ጽሑፍ የለም፣ ቀስት የለም፣ የሚናገር ሰው የለም፤ አይቶት የማያውቅ ሰው መንገዱን ራሱ ያግኝ፣ እየፈራም ይለፍ። ከዚያ እሱ ሲጫወት አንተ በቀጥታ ታያለህ። መልእክቱን አምስት ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም።

የመጣው ግን ሰሊጥ በደረሰበት ሳምንት ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ከዘገየህበት ፍሬው ያለበት ሽፋን ከአናቱ ይከፈትና ዓመት ሙሉ የደከምክበት መሬት ላይ ይረግፋል። አባቴ ከአቅራቢያዋ ከተማ ከኮኪት ወጣ ብሎ እርሻ አላቸው። በማግስቱ ሰው ፍለጋ ወደ መተማ መጥተው ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ሰሊጡ ደርሷል» አሉኝ ሳይቀመጡ። «ሰው ጠፍቷል። ያገኘኋቸውንም የጎረቤት እርሻ ሊነጥቀኝ ዙሪያቸውን ይዞራል። እኔ ሰው ፍለጋ ስባዝን እነሱ ዘንድ የሚቆም እፈልጋለሁ።»

«አባባ፣ እኔም ፈተና ይዣለሁ።»

«የምን ፈተና? ትምህርቱን ጨርሰህ የለም እንዴ?»

አስረዳኋቸው። አባቴ ላፕቶፑን እንደ ታመመ ከብት ዙሪያውን አዩት።

«ይኸ ነገር ሥራ ነው ወይስ ሥራ መፍታት? እሱን ንገረኝ።»

«ካለፍኩ ሥራ ነው።»

«ካላለፍክስ?»

የላፕቶፑን ክዳን አጠፍኩት። ሐጅም የሚቆጥሩት ነገር ያላቸው መስለው ወደ ጓዳ ገቡ።

«እንግዲያውስ ስማኝ» አሉ አባቴ። «ዕቃህን ይዘህ ና። ጠዋትና ማታ የኔን ሥራ፣ ቀትር ላይ ሰው ሲያርፍ የራስህን። ካለፍክ መርቄ እለቅሃለሁ። ከወደቅክ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ። እርሻውን ትረከበኛለህ። እኔ ጉልበቴ አልቋል።»

እሺ አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩትም ያሉት ነገር ሁሉ ትክክል ስለነበረ ነው። እርሻን አልጠላም። ግን እርሻው ውስጥ ከገባሁ እንደማልወጣ አውቃለሁ። የአባቴን ጉልበት የበላው መሬት የኔንም ሊበላ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ይታየኝ ነበር።

እርሻው መሀል ራኩባ አለ። ራኩባ የምንለው በእንጨት ቆሞ አናቱ በሣርና በአገዳ የተሸፈነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው። ቆላ ላይ ኑሮ ማለት ራኩባ ነው፤ ይበላበታል፣ ይተኛበታል፣ ይታማበታል። የውሃው ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ከምሰሶው ጋር ይታሰራል። ረፋዱ ካለቀ ማጭድ ይቀመጣል፤ ፀሐይ እስክትበርድ ድረስ ከጥላ የሚወጣ የለም። እኔም ራኩባው ጥግ ከትራክተሩ ባትሪ ጋር ኢንቨርተር ገጥሜ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የትራክተሩ ሹፌር አጠገቤ ተጋድሞ «ባትሪዬን ከጨረስከው ትራክተሩን አንተ ነህ የምትገፋው» አለኝ። ለቀልድ አልነበረም።

የሠራሁት በቀትር ያለች መንደር ነው። ተጫዋቹ አንድ እንስራ ውሃ ተሸክሞ ከዚህኛው ጫፍ ወደዚያኛው ያደርሳል። ማማ ላይ ጠባቂዎች አሉ፤ ካዩት ይተኩሳሉ። ሜዳውን በፀሐይ አጥለቀለቅሁት፣ ነጭ እስኪሆን። በየግድግዳው ሥርና በየራኩባው ታች ቀጭን ጥላ ዘረጋሁ። ጥላ ጥላውን የሄደ ሰው ማንም አያየውም። ሜዳ ላይ የወጣ ያልቅለታል። በነጭ መሬት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር! ከዚህ የበለጠ ተለይቶ የሚታይ መንገድ ከየት ይመጣል?

ሰው ላይ ሞከርኩት። ሹፌሩ አንድም ጊዜ ሳይሞት ጨረሰው። ከአጫጆቹ ቆላውን የለመዱትም እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ ጨረሱት። አባቴ እንኳ በአንድ ጣታቸው የኪቦርዱን ቀስት እየነኩ፣ ሰውዬውን በግድግዳው ሥር እየጎተቱ ወስደው እንስራውን አደረሱና «በቃ? ይኸው ነው?» አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ለሁሉም ግልጽ ሆኗላ!

አንድ ሰው ብቻ ተሰናከለ። ከጎጃም ደጋ የመጣ፣ ቆላ ሲወርድ የመጀመሪያው የሆነ አጫጅ ነው፤ እኩያዬ ይሆናል። ላፕቶፑን ስሰጠው ሰውዬውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሜዳው መሀል ነዳው። ተኮሱበት። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ወደ ሜዳው። ራኩባው በሳቅ ተናጋ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ግራ ገብቶት። «ብርሃን እያለ በጨለማ ይኬዳል እንዴ?»

ሹፌሩ በጀርባው ተንከባለለ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። «አንተ ገና ቆላ አልገባህም» አልኩት። ላፕቶፑን በሁለት እጁ መልሶልኝ ሄዶ ጥግ ተቀመጠ።

ሥራውን ለመላክ ኮኪት መውጣት ነበረብኝ። እዚህ አገር ሰው ከቤቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄው «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለው ነው። የዚያን ቀን ማንም በእርግጠኝነት የሚመልስ አልነበረም። መኪና እስከ ረፋድ ቆመ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና አናት ላይ ተሰቅዬ ገባሁ፤ ገብቼም ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ የመላኪያው መስመር ጫፍ ሊደርስ ሲል እየተመለሰ አንጀቴን አሳረረው። ሥራው ሲላክልኝ አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ።

የጨዋታው ቀን ሐጅ ሱቃቸውን በቀትር ዘጉልኝ። አንዱን የበር መዝጊያ ብቻ ለአየር ከፈት አድርገው ከኋላዬ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ኃላፊዋ በስክሪኑ ጥግ ታየችኝ፤ ፈገግ ያለች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። አጠገቧ የሚጫወተው ሰው አለ። «አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለን» አለችኝ። «ምንም ቢፈጠር አትናገርም። ጌሙን ገዝቶ ቤቱ የሚጫወተው ሰው አጠገብ ቆመህ ልታስረዳው አትችልም። ዝም ብለህ እይ።» እሺ አልኩ። ዝምታ ከኔ ጋር ተዋውቆ አያውቅም፤ ግን እሺ አልኩ።

ተጫዋቹ እንስራውን አነሣ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሜዳው መሀል ወጣ።

ተኮሱበት። ተነሣ። አሁንማ ገብቶታል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ያንኑ ሜዳ በሩጫ ለማለፍ ሞከረ። ተኮሱበት። በሦስተኛው ጥላው አጠገብ ደረሰ፤ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ቆመ፤ አየው፤ እንደ ግድግዳ ቆጥሮት ዞሮ ወደ ፀሐዩ ተመለሰ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድጄ ይዤ ነበር። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሥራዬ፣ የአባቴ ምርቃት፣ ዓመታት ሙሉ በጡብና በእርጥብ ጨርቅ የተማርኩት ሁሉ በዚያ ሰው አውራ ጣት ላይ ነበር፤ እሱ ግን ደጋግሞ እየሄደ ይሞትብኛል።

«ኧረ ሰው አይዶለህም!» ብዬ ጮኽኩ። «በቀትር ሜዳ የሚያቋርጥ ምን ዓይነት ፍጡር ነው!»

በአማርኛ ነው። ቃሉ አልገባቸውም፤ ጩኸቱ ግን ቋንቋ አያሻውም። ተጫዋቹ እጁን ከመጫወቻው ላይ አነሣ። ሐጅ ትከሻዬን ያዙኝ። በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ በልቤ።

ኃላፊዋ አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ራስህ የጠራኸው ቦታ ላይ ለምን ትገድለዋለህ?»

«አልጠራሁትም።»

«ጠርተኸዋል። ሰው ወደ ብርሃን ይሄዳል። ከመላው መንደር ብርሃን የሰጠኸው ለዚያ ሜዳ ነው። ጨለማውን ግን ምንም የሌለበት ጥግ ነው ብሎ ያልፈዋል።»

ልከራከራት አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ዓይኔ በተከፈተው መዝጊያ በኩል ወደ መንገዱ ሄደ። ፀሐይ የወረደበት የመንገዱ ግማሽ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ በወዲህኛው በኩል ከግንቡ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱ በአንዱ ኋላ ተሰልፎ ይሄዳል። አንዲት ፍየል እንኳ የቆመ መኪና ሥር ገብታ ተኝታለች። መንደር ፈጠርኩ ብዬ የሠራሁት ይህንኑ መንገድ ነበር። እኔ ተወልጄ እስካድግ ጥላ ጥላውን ስሄድ ኖሬያለሁ፤ ሌላ አካሄድ መኖሩን አስቤም አላውቅ።

«እኛ ዘንድ ወደ ብርሃን የሚሄድ የለም» አልኳት። «ፀሐዩ ይገድላል።»

«ይህን የማያውቅ ሰው በምን ይወቀው?» አለችኝ። ቀጠል አድርጋም «ከነገ ወዲያ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ይጫወታል። የመጨረሻው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በእውነት ዝም ትላለህ» አለች።

ስክሪኑ ሲዘጋ ሐጅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ሰውዬው ዕውር ነው?» ብለው ጠየቁኝ ከልባቸው።

እርሻ ስደርስ ነገሩ ሁሉ ተቋጥሮ ጠበቀኝ። ግማሹ ሰሊጥ ገና አልታጨደም። አጫጆቹ ስብስብ ብለው ያንሾካሽካሉ፤ የጎረቤቱ ወኪል ጠዋት መጥቶ አነጋግሯቸዋል። አባቴ ፊቴን አይተው «ወደቅክ?» አሉኝ።

«ገና ነው። አንዴ ቀርቶኛል።»

ጀሪካኑን አንሥተው ውሃ ሰጡኝ።

ራኩባው ሥር ያ የጎጃሙ ሰው በጀርባው ተኝቷል። እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አድርገውለታል፤ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። ሰው ሁሉ ሲያርፍ እሱ ደጅ ተቀምጦ ቆይቶ ነስር እንደጣለው ነገሩኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለምን ወጣህ? እዚህ ጥላ እያለ!»

«እንጃ ወንድሜ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኛ አገር ጠዋት ተነሥተን የምንፈልገው ፀሐይን ነው። ከጥላ የተቀመጠ ብርድ ይመታዋል። እናቴም የምትቆጣን ከጥላ ውጡ እያለች ነው። እግሬ ሳላስበው ወደ ፀሐዩ ይወስደኛል።»

ያ ባሕር ማዶ ያለው ተጫዋች እዚህ ራኩባ ሥር ተኝቶ የሚያናግረኝ መሰለኝ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚጎዳህ መሆኑ የገባህ?»

«አሁን ነዋ፣ ደሜ ሲወርድ። ቀድሞ ጥቂት ለብለብ አድርጎኝ ወደዚህ ብሸሽ፣ እዚህም ስገባ ቀዝቀዝ ቢለኝ፣ ያን ጊዜ እማር ነበር። የነገረኝ ሰውም የለ። ፀሐዩ ባንዴ ነው የወደቀብኝ።»

ተነሥቼ ላፕቶፑን አመጣሁ። ያን ዕለት ማጨጃው ሰዓት ሲደርስ አባቴ ማጭዳቸውን ይዘው ተነሡና «ዛሬ እኔ እቆማለሁ፤ አንተ ያንተን ጨርስ» አሉኝ። ጉልበታቸውን እየያዙ ወደ ሰሊጡ ሲሄዱ ማየት ከበደኝ። ዞሬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ከጨዋታው መንደር የመጀመሪያ ግቢ ጠባቂዎቹን ሁሉ አነሣሁ። ፀሐይ ብቻ ቀረ። ሜዳው ውስጥ የማይታዩ ሣጥኖች አስቀመጥኩ፤ ተጫዋቹ ሲገባባቸው አንድ ነገር የሚያስነሡ ናቸው። ፀሐይ ላይ ሲሆን ትንፋሹ ይሰማል፣ ስክሪኑ ቀስ እያለ ይነጣል፣ የእንስራው ውሃ ይጎድላል። ጥላ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ይረጋል፣ ዓይኑ ይመለሳል፣ ውሃው መጉደሉን ያቆማል። የጎጃሙ ሰው ተነሥቶ ተቀመጠና እየደጋገመ ሞከረልኝ። «እዚህ ላይ ቶሎ ነው የገደልከኝ» ይለኛል፤ አዘገየዋለሁ። «እዚህ ደግሞ ምንም አላለኝ» ይለኛል፤ አጠብቀዋለሁ። ላፕቶፑ ሙቀቱን አልቻለም፤ ድርግም ብሎ ያላስቀመጥኩትን ሥራ ይዞብኝ ሄደ። በጡጫ ልመታው እጄን ሳነሣ ሰውዬው የራሱን ግንባር ጨርቅ አንሥቶ፣ ውሃ ነክሮ ከሥሩ አነጠፈለት። እንደገና ጀመርኩ።

በማግስቱ ሥራውን ከኮኪት ላክሁት፤ በሁለተኛው ቀን ሐጅ ሱቅ ውስጥ አፌ ላይ መሐረብ አስሬ ተቀመጥኩ። ቀልድ አይደለም፤ ራሴን አላምንም ነበር። የሚጫወተው ጠና ያለ ሰው ነው። ኃላፊዋ መሐረቡን አይታ ፈገግ አለችና ጀምር አለችው።

እሱም ወደ ፀሐዩ ወጣ። ይህን ጠብቄው ነበር። ትንፋሹ መሰማት ጀመረ። አልቆመም። ስክሪኑ ነጣ፤ ውሃው ጎደለ። አሁንም አልቆመም። ተመለስ፣ ተመለስ፣ ተመለስ እላለሁ በሆዴ። ከእንስራው ግማሹ አለቀ። ያን ጊዜ ቆመ። ወደ እንስራው አየ። ሲንገዳገድ የግራ ትከሻው የራኩባው ጥላ ውስጥ ገባና ትንፋሹ ቀነሰ።

ቆመ። ወደ ፀሐዩ አንድ እርምጃ ወጣ፤ ትንፋሹ ጨመረ። ወደ ጥላው ተመለሰ፤ ቀነሰ። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ ምንም ሳያደርግ ራኩባው ሥር ዝም ብሎ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። የቆላ ሰው ከመንገድ ገብቶ እንደሚቆመው ነው የቆመው። ሰውዬው በቋንቋው ለኃላፊዋ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም በኋላ ተረጎመችልኝ፤ «መውጣት አላሰኘኝም» ነበር ያለው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው ግቢ ገባ፤ ጠባቂዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ሜዳውን አየ። የግድግዳውን ሥር አየ። ጥላ ጥላውን ሄደ። ሐጅ ከኋላዬ «ያ ሰላም፣ ያ ሰላም» እያሉ በሹክሹክታ ይደነቃሉ። ጠባቂዎቹ አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። ውሃው ጥቂት ነው፤ ግን አደረሰው።

«አሁን መናገር ትችላለህ» አለችኝ። መሐረቡን ፈታሁ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም። ለጥቂት ወራት በሙከራ ሊቀጥሩኝ መወሰናቸውን ስትነግረኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ሐጅ ግን በዐረብኛም በአማርኛም ያመሰግኗት ጀመር።

አባቴ በወጉ መረቁኝ፤ ማጨዱ ሳያልቅ ግን የትም እንደማልንቀሳቀስም ጨመሩበት። አባቴ አብረዋቸው ስለቆሙ ሠራተኞቹ አልሄዱብንም። ከሰሊጡ ጥቂቱ ረገፈ፤ የቀረው ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሜዳው ላይ ቆመ።

የመጀመሪያው ሥራ የደረሰኝ ነዶው ገና ሳይራገፍ ነው። ከፍቼ አየሁትና ራኩባው ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ። በረዶ የሸፈነው የተራራ መንደር ሥራ ይላል። ተጫዋቹ ምንም ሳይነገረው ብርዱ ይሰማው፣ የሚድንበትን ቦታም ራሱ ያግኝ። እኔ ብርድ አላውቅም። ጎንደርን እንኳ ያየኋት በበጋ፣ በቀን ነው። በረዶ ለኔ ከሐጅ ማቀዝቀዣ የሚፋቅ ነገር ነው። ሰው ሲበርደው መጀመሪያ ምኑን እንደሚያመው፣ ወዴት እንደሚሸሽ፣ የትኛውን ግድግዳ እንደሚጠጋ አላውቅም። ፍርሃት ያዘኝ።

ወደ ጎጃሙ ሰው ሄድኩ። አገሩ ሊገባ ጓዙን እያሰረ ነበር።

«ብርድ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ብርድ ማለቴ። ሰውን ምን ያደርገዋል?»

ገመዱን ለቆ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ የጠየቅሁትን ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። ሹፌሩ ብቻ ነበር ያልሳቀው፤ እሱም አያውቅም። ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ፤ ግን አልሄድኩም።

ስቆ ሲጨርስ ጓዙን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ና፣ ቁጭ በል» አለኝ። «ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው ፀሐይዋ የትኛው ድንጋይ ላይ እንዳረፈች ነው…»

ተቀምጬ ሰማሁት።